አይጦቹ ሮጡ፤ የእኛ ጉበትስ ምን አተረፈ?

«መጠነኛ ስፖርት የጉበት ካንሰርን ይከላከላል።» ይህን ርዕስ ወይም ወንድሙን አንድ ቀን ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ ብላ የምትሮጥ ሴት ፎቶ አለ። ከፎቶው ቀጥሎ «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» የሚል አንድ መስመር፣ ከዚያ ደግሞ «ለወዳጅ ዘመድ ያጋሩ» ይመጣል። ስፖርት ጥሩ ነገር ነው፣ ማንንም አይጎዳም፣ ምን አለበት ብለን እናልፈዋለን።

ዛሬ ግን ባናልፈው እላለሁ። ዜናው ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ ከጀርባው እውነተኛ፣ እንዲያውም በጣም ደስ የሚል ጥናት አለ። ችግሩ ዜናው ጥናቱ ያላለውን ጨምሮ፣ ካለው ውስጥ ደግሞ ምርጡን ትቶ መሄዱ ነው። ከዚያም በላይ፣ የጉበት ካንሰር በአገራችን ከምን እንደሚመጣ ያልሰማ ወጣት ይህን ርዕስ ሲያነብ የተሳሳተ እፎይታ ይሰማዋል። «በሳምንት ሦስት ቀን ኳስ እጫወታለሁ፤ ጉበቴ ሰላም ነው» ብሎ ያስባል። እንግዲህ ርዕሱን እየፈታታን እንየው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ የሮጠው ማነው?

ወሬው የተነሣው በ2013 አምስተርዳም ላይ ከተካሄደ ዓለም አቀፍ የጉበት ጉባኤ ነው። እዚያ የቀረበው ሥራ የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ነው፤ የተሠራውም በአይጥ ላይ ነው። በአይጥ መሠራቱ ነውር የለውም። ዛሬ ከምንውጣቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ በአይጥ በኩል አልፈው ነው እኛ ጋ የደረሱት። ግን አይጥ ስንል የትኛዋን አይጥ?

እነዚህኞቹ ጓዳ ገብተው ጆንያ የሚቀዱት ዓይነት አይደሉም። ከጉበታቸው ሴሎች ውስጥ ፒቴን የሚባል ጂን (ዘረመል) ሆን ተብሎ የወጣባቸው ናቸው። ፒቴንን የሴል ፍሬን በሉት። ሴሉ «እደግ፣ ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ሲደርሰው «ቆይ እስቲ፣ ቀስ» የሚለው እሱ ነው። ፍሬኑ ሲነሣ ጉበቱ መጀመሪያ በስብ ይሞላል፣ ቀጥሎ ይቆጣል፣ በመጨረሻም ካንሰር ያበቅላል። ቫይረስ የለ፣ አልኮል የለ፣ ሻጋታ የነካው እህል የለ፤ የጂኑ መውጣት ብቻውን ይበቃል። ፍሬኑ ተበጥሶ ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና ማለት ነው። መጋጨቱ አይቀርም፤ ጥያቄው መቼና በምን ያህል ኃይል የሚለው ብቻ ነው።

ተመራማሪዎቹ አይጦቹን እንዲያው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን በሞተር በሚዞር የመሮጫ ማሽን ላይ በቀን 60 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ32 ሳምንት ሮጠ። ሌላው ቁጭ አለ። ምግባቸው አንድ ዓይነት ነበር። 32 ሳምንት ለእኛ ሰባት ወር ከምናምን ነው፤ ሁለት ዓመት ገደማ ለምትኖር አይጥ ግን የዕድሜዋ ሲሶ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። በሰው ዕድሜ ብናስበው ከሃያ ዓመት በላይ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ «ዛሬ ዝናብ ነው»፣ «ነገ ፈተና አለብኝ» ሳይሉ መሮጥ ይሆናል። ዜናው «መጠነኛ» ያላት ቃል ይህን ሁሉ ተሸክማለች። ደግሞም አይጧ ማሽኑ ላይ የወጣችው ወዳ አይደለም።

ውጤቱስ? ከተቀመጡት አይጦች ውስጥ 100 በመቶው፣ ከሮጡት ውስጥ ደግሞ 71 በመቶው ከ15 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዕጢ ጉበታቸው ላይ ተገኘባቸው። 15 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ድቡልቡል ነገር ናት፣ ከምስር ፍሬ የምታንስ። ግን የጤነኛ አይጥ ጉበት ራሱ ክብደቱ ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ቢሆን ነው። በዚያ ጉበት ላይ ይቺ «ትንሽ» ነገር ትንሽ አይደለችም። ከዚህ በተጨማሪ በሮጡት ላይ የዕጢዎቹ ብዛትም፣ ተደምረው የያዙት ቦታም ቀንሶ ተገኝቷል።

71 ከስንት?

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ከዜናው የምናገኛት ቁጥር ይቺው 71 ናትና።

አንደኛ፣ 71 በመቶ ማለት ከሮጡት አይጦች አብዛኞቹ ዕጢው ወጥቶባቸዋል ማለት ነው። ርዕሱ ግን «ይከላከላል» አለ። በአማርኛችን መከላከል ማለት እንዳይመጣ ማድረግ ነው። ወታደር ከተማውን ተከላከለ ሲባል ጠላት ከአሥር ሰባቱን ሰፈር ይዟል ብሎ የሚያስብ የለም። «ይቀንሳል» ቢል ኖሮ አልጣላውም ነበር። «ያዘገያል» ቢል ደግሞ ምናልባት የበለጠ ወደ እውነት ይጠጋ ነበር። ምክንያቱም አይጦቹ የታዩት በሙከራው መጨረሻ፣ በአንድ ወቅት ላይ ነው። በዚያች ዕለት ዕጢው ያልታየባቸው 29 በመቶ አይጦች ጨርሶ አመለጡ ወይስ ሌላ ሁለት ወር ብቻ ይቀራቸው ነበር? ይህን በአንድ ቀን ፎቶ መለየት አይቻልም። የሩጫ ውድድርን መሃሉ ላይ አቁማችሁ ወደ ኋላ የቀረውን «አይደርስም» እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በመቶኛ የተነገራችሁን ቁጥር ሁሉ «ከስንት?» ብላችሁ ጠይቁት። 5 ከ7 ብትሉ 71 በመቶ ነው፤ 710 ከ1,000ም 71 በመቶ ነው። የመጀመሪያው ላይ አንዲት አይጥ ብቻ ብትለወጥ ቁጥሩ ከ71 ወደ 86 ወይም ወደ 57 ይዘላል። ሁለተኛው ላይ አንዲት አይጥ ምንም አታመጣም። የአይጥ ሙከራ ውድ ስለሆነ በየቡድኑ ያሉት አይጦች ብዙ ጊዜ ጥቂት ናቸው። ዜና ጸሐፊ መቶኛውን ጽፎ ብዛቱን ሲተወው ከታሪኩ ግማሹን እንደ ቆረጠ ቁጠሩት።

ሦስተኛው ነገር ቀኑ ነው። ዜናው የወጣው በ2013 ነው። ሙሉው ጥናት በሌሎች ባለሙያዎች ተመርምሮ «ጆርናል ኦፍ ሄፓቶሎጂ» ላይ የታተመው በ2015 ነው። ሁለት ዓመት! በጉባኤ ላይ የሚቀርብ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ጽሑፍና ጥቂት ስላይድ ነው፤ ባልደረቦቻችሁን «ይህን አየሁ፣ ምን ትላላችሁ?» የምትሉበት መድረክ ነው። ያ ጥያቄ ገና መልስ ሳይሰጠው ዓለም ሁሉ «ተረጋገጠ» ብሎ አነበበው።

ዜናው የተወው ምርጥ ክፍል

አሁን ደግሞ ላመስግን፤ ምክንያቱም ጥናቱ ውስጥ እኔን በጣም ያስገረመኝ ነገር አለ።

ብዙዎቻችን በጭንቅላታችን የያዝነው ታሪክ ይህ ነው፦ ስፖርት ስትሠሩ ስብ ይቃጠላል፣ የጉበት ስብም ይቀንሳል፣ ስቡ ሲቀንስ ካንሰሩ ይቀንሳል። ቀላልና የሚያሳምን ታሪክ ነው። ተመራማሪዎቹ የአይጦቹን ጉበት ሲያዩ ግን የሮጡትና የተቀመጡት በጉበት ስብ አልተለያዩም። ስቡ እንዳለ ነው፤ የቀነሰው ዕጢው ነው! ይህን ነገር የጥናቱ ርዕስ ራሱ በግልጽ ይናገረዋል።

ታዲያ ሩጫው በየት በኩል ገብቶ ሠራ? ጥናቱ የሚጠቁመው ሁለት ፕሮቲኖችን ነው። አንደኛው ኤኤምፒኬ ይባላል፤ የሴሉ የነዳጅ ጌጅ ነው። ጡንቻ ሲሠራና ጉልበት ሲያንስ «ነዳጅ እየወረደ ነው» ብሎ ያስጠነቅቃል። ሁለተኛው ኤምቶር ነው፤ እሱ ግንበኛው ነው። ስንቅ ሞልቷል ሲባል «ሥሩ፣ ጨምሩ፣ አስፉ» ብሎ ሴሉ እንዲያድግና እንዲባዛ ያደርጋል። ጎተራው ሲጎድል ድግስም፣ አዲስ ክፍል መጨመርም ይቆይ እንደሚባለው ቤት ሁሉ፣ ኤኤምፒኬ ሲነቃ ኤምቶርን ዝም ያሰኘዋል። በሮጡት አይጦች ጉበት የታየው ይኸው ነው፦ ኤኤምፒኬ ነቅቷል፣ ኤምቶር ቀዝቅዟል፣ የዕጢው ሴሎች መባዛትም ቀንሷል። ፍሬኑ የተበጠሰው መኪና አዲስ ፍሬን አላገኘም፤ ነዳጁ ግን ትንሽ ታቀበ።

ይህ የሚያምር ግኝት ነው። «ስፖርት ጥሩ ነው» ከሚለው ከምናውቀው ነገር አልፎ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ አንድ በር ይከፍታል። ዜናው ግን ይህን ጥሎ ፈገግ ያለችዋን ሯጭ አንጠልጥሎ ሄደ። ለአንባቢ ይከብዳል ብሎ ይሆን? እናንተ አሁን አነበባችሁት፤ ከበዳችሁ?

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። በአይጦቹ ስቡ አልቀነሰም ማለት በሰውም አይቀንስም ማለት አይደለም። በሰዎች ላይ የተሠሩ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲታዩ መደበኛ የአካል እንቅስቃሴ የጉበት ስብን ይቀንሳል፤ ክብደት ብዙም ባይወርድ እንኳ። የእነዚያ አይጦች ስብ ከተነሣው ጂን የሚመጣ ስለሆነ ምንጩ ሌላ ነው። ይህም ራሱ አይጧ እኛን በሁሉም ነገር እንደማትወክል አንድ ማሳያ ነው።

ወደ ሰው ስንመጣ

ሰውን ለ20 ዓመት በግድ ማሽን ላይ ማስሮጥ አይቻልም፤ ሌላውንም በግድ ማስቀመጥ እንደዚሁ። ስለዚህ ተመራማሪዎች ማድረግ የሚችሉት ሰዎችን «ምን ያህል ትንቀሳቀሳላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ለዓመታት መከታተል ነው። እንዲህ ካሉት ሁለቱን ላንሣ።

በ2016 የታተመ አንድ ትልቅ ሥራ ከአሜሪካና ከአውሮፓ 12 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ 1.44 ሚሊዮን ሰዎችን ተመለከተ። በትርፍ ሰዓታቸው ብዙ የሚንቀሳቀሱት ከማይንቀሳቀሱት ጋር ሲነጻጸሩ በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ27 በመቶ ያነሰ ነበር። በ2019 የታተመው ሁለተኛው ከአሥር የአውሮፓ አገሮች 467,336 ሰዎችን ለ15 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። በዋነኛው የጉበት ካንሰር ዓይነት ላይ በንቁዎቹና በማይንቀሳቀሱት መካከል ያገኘው ልዩነት 45 በመቶ ነው።

45 በመቶ! ይህ ለርዕስ የተፈጠረ ቁጥር ነው። ግን «ከስንት?» ማለት ተስማምተናል አይደል? ከእነዚያ 467,336 ሰዎች ውስጥ በዚያ ካንሰር የታመሙት 275 ናቸው። ከ10,000 ሰው ስድስት ያህሉ፣ ያውም በ15 ዓመት ውስጥ። ለምሳሌ ከ10,000 የማይንቀሳቀሱ ሰዎች 8ቱ ታመሙ እንበል። የ45 በመቶ ቅናሽ ማለት ከ10,000 የሚንቀሳቀሱት 4 ወይም 5 ይታመማሉ ማለት ነው። ለእነዚያ ለሦስት ወይም ለአራት ሰዎች ልዩነቱ ሕይወት ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን «45 በመቶ» የሚለው ቁጥር ብቻውን ሲሰማ የሚሰጠው ስሜትና «ከ10,000 ሦስት ወይም አራት» የሚለው የሚሰጠው ስሜት አንድ አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ስሌት ነው የመጡት። ዜና ሁልጊዜ ትልቋን ይመርጣል።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህኛው ትንሽ ረቀቅ ይላል። የጉበት በሽታ ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ይቆያል። ሰውየው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ድካም ብቻ ነው። የደከመው ሰው ደግሞ አይሮጥም። በመጠይቁ ላይ «አልንቀሳቀስም» ብሎ ይሞላል፤ ከዓመታት በኋላ ካንሰሩ ሲገኝበት «አየህ፣ ስላልተንቀሳቀስክ ነው» እንለዋለን። እውነቱ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ያልተንቀሳቀሰው ስለታመመ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ያውቁታል፤ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ የታመሙትን ከስሌቱ አውጥተው ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ ይፈትሻሉ። ይህ ይረዳል እንጂ ጥርጣሬውን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የሚሮጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ሲጋራውንም አልኮሉንም የሚቀንስ ሰው መሆኑንም አትርሱ። በአውሮፓው ጥናት ላይ ደግሞ ከልዩነቱ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው በወገብ ስፋት የሚብራራ ሆኖ ተገኝቷል፤ ማለትም ከሩጫው ጥቅም ከፊሉ የሚመጣው ሆድን በመቀነሱ በኩል ይመስላል።

ለዚህ ሁሉ ነው በዓለም ላይ የካንሰርና የአኗኗር ማስረጃዎችን የሚመዝነው የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በ2015 ስለ ጉበት ካንሰር ባወጣው ዘገባ የአካል እንቅስቃሴን «ውስን፣ ግን የሚጠቁም» ከሚለው ክፍል ያስቀመጠው። በነገራችን ላይ በዚያው ዘገባ ከእንቅስቃሴ የበለጠ ጠንካራ ማስረጃ አለው ተብሎ ከፍ ካለው ክፍል የተመደበው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቡና! በደረጃው ቢሄድ ኖሮ የፎቶዋ ሴት መሮጧን ትታ ረከቦት ፊት ትቀመጥ ነበር። (ይህም ሰዎችን በመከታተል የተገኘ ነው፤ ስለዚህ አቦል፣ ቶና፣ በረካን እንደ መድኃኒት እንዳትጽፉት።)

ርዕሱ የረሳው ቫይረስ

ከዚህ በላይ የተናገርኩት ሁሉ ስለ ቁጥርና ስለ ቃል ነው። ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው፤ «የጉበት ካንሰር» ሲባል የማን የጉበት ካንሰር?

አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ከአልኮል፣ ከሄፓታይተስ ሲ፣ ከውፍረትና ከስኳር ጋር የተያያዘው የጉበት ካንሰር ትልቅ ቦታ አለው። ስለዚህ የአውሮፓ ተመራማሪ ስብ የሞላበትን የአይጥ ጉበት መምረጡ ለአገሩ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በአፍሪካና በምሥራቅ እስያ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠራው ስም ሄፓታይተስ ቢ ነው። በዚያ የአይጥ ሙከራ ውስጥ ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለ ቫይረሱ ያልተጠየቀ ጥናት ስለ ቫይረሱ መልስ ሊሰጠን አይችልም።

የዚህን ቫይረስ ክብደት ለማየት ወደ ታይዋን እንሂድ። ፓልመር ቢዝሊ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 22,707 ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ደም መረመረ። 3,454ቱ ቫይረሱን ተሸክመው ነበር። ከዚያ ተከታተላቸው። በ1981 «ላንሴት» መጽሔት ላይ በታተመው ውጤት፣ በጉበት ካንሰር ከሞቱት 41 ሰዎች 40ዎቹ ቫይረሱ ያለባቸው ነበሩ። ስሌቱ ሲሠራ የተሸካሚዎቹ አደጋ ከሌሎቹ 223 እጥፍ ሆነ።

እስቲ ይህን ከሩጫው ጋር በአንድ ሚዛን እናስቀምጠው። «45 በመቶ ይቀንሳል» የሚለውን ገልብጠን ብናነበው፣ የማይንቀሳቀስ ሰው አደጋ ከሚንቀሳቀሰው ሁለት እጥፍ አይሞላም ማለት ነው፤ 1.8 ገደማ። በአንድ በኩል 1.8፣ በሌላ በኩል 223። የታይዋኑ ቁጥር የዚያ አገርና የዚያ ዘመን ነው፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ሌላ ቦታ በጣም አንሶም ይገኛል። ቢሆንም የሁለቱ ርቀት በስሌት ማስተካከያ የሚጠብ ዓይነት አይደለም።

ታይዋን የወሰደችው እርምጃም ትምህርት አለው። በ1984 ለሕፃናት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መስጠት ጀመረች፤ መጀመሪያ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ለተወለዱት፣ ቀጥሎ ለሁሉም። ከ6 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ከክትባቱ በፊት ከ100,000 ልጆች 0.70 የነበረው የጉበት ካንሰር ከ1990 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት ወደ 0.36 ወረደ። በአንድ አገር ሙሉ ልጆች ላይ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ በግማሽ ያህል! «ይከላከላል» የሚለውን ግስ ማስገባት ካለብን እዚህ ጋ ነው።

እኛ ጋስ? በኢትዮጵያ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ በ2016 የታተመ ሥራ ቫይረሱ ከተመረመሩት ሰዎች 7.4 በመቶው ላይ መገኘቱን አስልቷል። 50 ተማሪ ያለበትን ክፍል ብታስቡ ሦስት ወይም አራት ማለት ነው። ክትባቱ አምስት በሽታ በአንድ ከሚከላከለው መርፌ ጋር ወደ መደበኛው የሕፃናት ክትባት የገባው በ2007 ነው፤ በእኛ 1999 ዓ.ም.። የሚሰጠውም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ አንባቢዎች ሕፃን ሳላችሁ ተከትባችኋል ብትባሉም ያ ክትባት ይህን አይጨምርም። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት ውስጥ ስንቶቻችሁ ከዚያ ወዲህ ተወለዳችሁ?

ደግሞ «የወፍ በሽታ» የሚለው ስም አንድ ጉዳት አድርሶብናል። ዓይን ቢጫ ሲሆን ወፍ ወይም የሌሊት ወፍ ነው ያመጣው ይባላል። ቢጫነቱ ካልታየ ደግሞ በሽታ የለም ይባላል። ሄፓታይተስ ቢ ግን አብዛኛውን ዘመኑን ያለ ምንም ቢጫነት፣ ያለ ሕመም ነው የሚኖረው። በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በደም፣ ተጋርተው በሚጠቀሙበት ምላጭና መርፌ፣ ያለ ጥንቃቄ በሚደረግ ወሲብ ይተላለፋል። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። በሕፃንነት የተያዘ ልጅ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ቫይረሱ አብሮት ይቀራል፤ በጎልማሳነት የተያዘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ 25 ዓመት ሞልቶት፣ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ማለዳ ማለዳ እንጦጦ የሚሮጥ ጎረምሳ ቫይረሱን ከተወለደ ጀምሮ ተሸክሞት ሊሆን ይችላል። ሩጫው ልቡን ያጠነክርለታል፣ የደም ግፊቱንና ስኳሩን ይጠብቅለታል፤ ቫይረሱን ግን ከጉበቱ አያስወጣለትም። ያ ርዕስ የሚያሳስተው ይህን ልጅ ነው።

ሻጋታውንም በአንድ ቃል ልጥቀስ። በአግባቡ ሳይደርቅ በተከማቸ በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፤ የጉበት ካንሰር ማምጣቱም የተረጋገጠ ነው። ቫይረሱ ካለበት ሰው ላይ ሲጨመር አደጋው ይበረታል። ይህንንም ሩጫ አያጥበውም።

ታዲያ እንዴት ይጻፍ?

«ከጉበታቸው አንድ ጂን የወጣባቸው አይጦች 32 ሳምንት ሲሮጡ ትልልቅ ዕጢ ያወጡት ቁጥር ከ100 ወደ 71 በመቶ ወረደ፤ የጉበት ስባቸው ግን አልተለወጠም።» ትክክለኛው ርዕስ ይህ ነበር። ማንም እንደማይነካው አውቃለሁ፤ ርዕስ ጸሐፊም ምሳውን መብላት አለበት። ግን ከዚህ ርዕስ ወደ «ስፖርት የጉበት ካንሰርን ይከላከላል» ለመድረስ «አይጦች» የሚለው ቃል፣ «ጂን» የሚለው ቃል፣ ሁለቱ ቁጥሮችና ስቡ መውጣት ነበረባቸው። የቀረው ግሱ ብቻ ነው፤ እሱም ተለውጧል። ቢያንስ «በአይጦች ላይ» የምትለዋን ሁለት ቃል ርዕሱ ውስጥ ማስገባት ምን ያህል ይከብዳል?

መሮጡን አትተዉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። እያደረጋችሁት ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ መጠነኛ የሚባለው እሱ ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃም ይበቃል።

ስለ ቫይረሱ ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ጤና ተቋም ሄዳችሁ የምትጠይቁት የደም ምርመራ «ኤች ቢ ኤስ ኤጂ» ይባላል። «የጉበት ምርመራ» ብቻ ብትሉ ሌላ ነገር ሊመረምሩላችሁ ስለሚችል በስሙ ጥሩት። ቫይረሱ ከሌለባችሁና ካልተከተባችሁ፣ ለአዋቂ የሚሰጠው ክትባት በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። አንዱን ወስዳችሁ እንዳትቀሩ። ካለባችሁም ካንሰር አለባችሁ ማለት አይደለም። ሐኪም የጉበቱን ሁኔታና የቫይረሱን መጠን አይቶ ቴኖፎቪርን የመሰለ መድኃኒት መጀመር አለባችሁ ወይስ ክትትል ይበቃችኋል የሚለውን ይወስናል፤ መድኃኒቱ ለሁሉም ተሸካሚ ወዲያው አይታዘዝም። እናታችሁን፣ እህት ወንድሞቻችሁን፣ ካገባችሁ ደግሞ የትዳር ጓደኛችሁን አስመርምሩ። አልኮሉን ተዉት። ሩጫውን ግን፣ ሐኪማችሁ ካልከለከላችሁ፣ ቀጥሉበት።